የዓይን ቆጣሪው

ኢምራን መጋረጃ ቤት ተቀጥሮ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ፣ ሕፃናቱ የሚያዩትን ነገር አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። የእሱ ሥራ ሕፃናቱን ማየት ነው። ከጥቁር ጨርቅ ጀርባ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ጨርቁ ላይ በተቀደደች ቀዳዳ አሻግሮ የሕፃኑን ፊት ይመለከታል፤ ቀኝ አውራ ጣቱን ቁልፍ ላይ ያሳርፋል። ሕፃኑ መድረኩን ሲያይ ይጫናል፣ ዓይኑን ሲነቅል ይለቃል። መድረኩ ላይ የሚሆነውን በድምፅ እንኳ እንዳይለይ፣ የዝናብ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ መሸፈኛ ጆሮው ላይ ይደፋል።

የኮምቦልቻ ሰው «ቆጣሪው» ይለዋል። «የውሃ ነህ የመብራት?» እያሉ የሚቀልዱበትም አሉ። «የዓይን» ብሎ ይመልሳል፣ ሳይስቅ። ቀልዱን ከሰማው አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ይህን ደንብ ያወጡት የቤቱ ኃላፊ ዶክተር ሃሴት ናቸው። ሃሴት የሚባል ሰው ዛሬ ከሰባ ዓመት በታች ስለማይገኝ፣ ስማቸውን የሰማ ሁሉ ገና ሳያያቸው አሮጊት መሆናቸውን ያውቃል። መድረኩ ላይ ዕቃዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ራሳቸው ናቸው፤ ይህን ሥራ ለማሽንም ለሰውም አሳልፈው አይሰጡም። «የሚያውቅ ጣት ይዋሻል» ይላሉ። «ሳይፈልግ ይዋሻል። አንድ ሰከንድ ይሰርቃል፣ አንድ ሰከንድ ይጨምራል። ሕፃን ደግሞ ያለው ሰከንድ ብቻ ነው።» ሕፃኑን ጭኗ ላይ የምታስቀምጠው እናትም ዓይኗ ይሸፈናል፤ የእናት ጭን ያወራል ባይ ናቸው። እናት ደንገጥ ካለች ልጅ ያውቅባታል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ከእሳቸውና ከሕፃኑ በቀር፣ የሚሆነውን የሚያይ የለም።

የሚሆነው ነገር በወሬ ደረጃ ለሁሉም የታወቀ ነው። ኩባያ ከመደርደሪያ ጫፍ ይገፋል። አንዳንዴ ይወድቃል። አንዳንዴ ደግሞ ያለ ምንም ድጋፍ አየር ላይ ይቀራል። የስምንት ወር ሕፃን አፍ የለውም፤ ነገር ግን ያልጠበቀውን ነገር ሲያይ ዓይኑን ተክሎ ይቀራል፣ የጠበቀውን ሲያይ ቶሎ ይሰለቸዋል። አየር ላይ የቀረው ኩባያ ካስገረመው፣ ነገር እንደሚወድቅ ያውቃል ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ለእያንዳንዱ ሕፃን ይቀያየራል፤ ቆጣሪው የትኛው መቼ እንደሚታይ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው በቀላቢ፣ የሚወድቀውን ሁሉ አየር ላይ በሚይዘው የቤት መሣሪያ፣ የተነሳ ነው። ቀላቢ የሌለው ቤት አሁን ከአስሩ አንድ ቢሆን ነው። ከእጅ ያመለጠ ብርጭቆ ወለሉ ሳይደርስ አየር ላይ ይቆምና የሚያነሳው እስኪመጣ ይጠብቃል። ሰው ወጥ ሲያማስል ማንኪያውን ለቆ ጨው ይፈልጋል፣ ሲመለስ እዚያው ያገኘዋል። ከአልጋ የተንከባለለ ሕፃን በደረቱ ተንሳፍፎ እየሳቀ ይቆያል። ስብርባሪ መጥረግ የአሮጌ ቤቶች ሥራ ሆኗል።

ኋላ ነው ነገሩ የታወቀው። ቀላቢ ቤት ውስጥ ያደጉ ሕፃናት፣ ቀላቢ በሌለው ቦታ ከደረጃ ጫፍ፣ ከሰገነት፣ ከድልድይ ላይ እግራቸውን ወደ ባዶው ዘርግተው ይሄዱ ጀመር። በአንድ ክረምት ብቻ አርባ አንድ ሕፃናት ወደቁ። ጉዳዩን ያጣራው ቡድን ባቀረበው ሪፖርት ውስጥ «በዓይን እማኞች ቃል፣ አብዛኞቹ ፈገግ እያሉ ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሕፃን በስምንት ወሩ መጋረጃ ቤት ይቀርባል። መውደቅን የሚያውቅ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። የማያውቅ ደጋ ላይ ወዳለው መውደቂያ ቤት ለስድስት ወር ይላካል፤ እዚያ ሁሉም ነገር ይወድቃል። ደግ ቤት ነው ይባላል። እናቶች እሁድ እሁድ ይገባሉ። «እኛው ቤት ቀላቢውን አጥፍተን እናሳድጋለን» የሚሉ ወላጆች መጀመሪያ ላይ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ አብዛኞቹ በሦስተኛው ቀን መልሰው ማብራታቸው ሲታወቅ ፈቃዱ ቀረ።

የኢምራን ልጅ ሲትራ ከወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ሳትነሳ የአሰብ ወደብን ክሬን ትነዳለች። ባሏ የመርከብ መካኒክ ነው፣ በስድስት ወር አንዴ ይመጣል። ልጃቸው ዘምዘም የተወለደችው እሱ ባሕር ላይ ሳለ ነው። ሲትራ ኮንቴይነር ስታወርድ ልጇን የሚጠብቅላት ቀላቢው ነበር፤ ይህን ለአባቷ ስትናገር ዓይኗን ትሰብራለች።

ዘምዘም ስምንት ወር ሊሞላት አንድ ሳምንት ሲቀር፣ ራት ላይ፣

«አባዬ፣ ማክሰኞ የእሷ ቀን ነው» አለችው።

«ደሴ ነዋ የምትወስጃት። ለዘመድ እዚህ አይቆጠርም።»

«ደሴ ነው» አለች፣ የልጇን አፍ እየጠረገች። ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠችና፣ «ግን አንተ ብትሆን ኖሮ ጫን አትልላትም ነበር?»

«የቱ ላይ?»

«ኩባያው የተንሳፈፈ ጊዜ ነዋ!»

«እኔ መች አየዋለሁ?»

«አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ? አንድ ቀን እንኳ አጮልቀህ አላየህም?»

«አንድ ቀን እንኳ።»

«ወላሂ በል!»

«ወላሂ!»

አላመነችውም። ማንም አያምነውም። እሱም ቢሆን አንዳንዴ ራሱን ይገርመዋል። ነገር ግን ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ መድረኩ አይናፍቀውም ነበር። እሱን የያዘው የሕፃናቱ ዓይን ነው። ስድስት ሺህ ከሚበልጡ ሕፃናት ዓይን ውስጥ ሐሳብ ሲመጣ አይቷል፤ መጀመሪያ ቅንድብ ይነሳል፣ ትንፋሽ ይቆማል፣ የሚጠባው ጣት ከአፍ ይወጣል። ተራ ሰው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲል ይሰማና በሆዱ፣ አላያችሁም፣ ይላል።

«ስድስት ወር አባዬ» አለች ሲትራ። «ገና እየጠባች እኮ ነው። ስትመለስ ታውቀኛለች?»

ኢምራን ዘምዘምን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጣት።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አራተኛው ሕፃን ገባ። ዝርዝሩ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ኢምራን ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ሲያደርግ ዘምዘምን አየ። ሲትራ ዓይኗ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ፣ አገጯን ወደ እሱ አቅጣጫ ቀና አድርጋ ተቀምጣለች። ዝምድናው እንዳይታወቅ በባሏ ወገን አስመዝግባ ነው የመጣችው።

ቆጣሪ የሚያውቀውን ፊት ካየ ደወሉን ነክቶ ይወጣል፤ ይህ የቤቱ ሁለተኛ ደንብ ነው። ደወሉ ከግራ እጁ ሥር ነበረ። እጁን አሳረፈበት። መብራቱ ሲደበዝዝም እዚያው እንዳሳረፈ ነው። ዘምዘም መድረኩን አየች፣ አውራ ጣቱም ቁልፉን ተጫነ።

ስድስት ሰከንድ ያህል አየችና ዞራ የእናቷን እጅጌ መብላት ጀመረች። መጋረጃው ወርዶ ተነሳ። አሁን ቅንድቧ ተሰቀለ፤ አፏ ተከፈተ። ሃያ ሁለት ሰከንድ። ቀጥሎ ሃያ። ከዚያ አምስት። ከዚያ ሰባት። ከዚያ ሃያ አራት፤ በዚህኛው ጊዜ ወደ ፊት ተስባ ከጭን ልትወርድ ምንም አልቀራት። ሰከንዱን የሚነግረው መሣሪያ ፊቱ የለም፣ ግን ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ጣቱ ራሱ ይቆጥራል። ረጅምና አጭር፤ መካከለኛ የሚባል የለም። ይህች ልጅ ሁለቱን ነገሮች እንደ ነጭና ጥቁር ለይታቸዋለች። እንዲህ ጥርት ያለ ቁጥር የሚሰጥ ሕፃን በወር አንድ ቢገኝ ነው።

አልሐምዱሊላህ፣ አለ በልቡ፣ ታውቃለች።

ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣበት። ቁልፉን ሲለቅ ጣቱ ዘግይቷል? ከሃያ ሁለቱ ውስጥ ስንቱ የእሷ ነው፣ ስንቱ የእሱ ምኞት? ለማስታወስ ሞከረ። ጣቱን ዝቅ አድርጎ አየው። ዕድሜ ልኩን ያመነው ጣት ነው፤ አሁን የሌላ ሰው መሰለው። ዘምዘም በእርግጥ የማታውቅ ከሆነና የእሱ ጣት ወረቀት ካሰጣት፣ አንድ ቀን ከአንድ ደረጃ ጫፍ ፈገግ ብላ ትሄዳለች። ያኔ አያቷ ነው የገፋት።

የጆሮ መሸፈኛውን አውልቆ ወጣ። ዶክተር ሃሴት ከመድረኩ ኋላ መጥተው፣ የእሱን ቁጥር የያዘውን ወረቀት ቅደም ተከተሉን ከያዘው ጋር ሊያነባብሩ ነበር።

«እትዬ፣ አይግለጡት።»

ቀና አሉ። በሥራ ሰዓት ከጨርቁ ኋላ ወጥቶ አያውቅም።

«የልጄ ልጅ ናት» አለ። «ገና ስትገባ አውቄያታለሁ። ደወሉ እጄ ሥር ነበረ፣ አልነካሁትም።»

«አባዬ!» ብላ ጮኸች ሲትራ። ዓይኗ አሁንም እንደተሸፈነ ነው። «አባዬ ምን አደረግህ!»

ዶክተሯ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ለየብቻ አስቀመጡ። «ቁጥሩ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። ለይታለች። እኔ ግን ጣቴን አላምነውም። የረዘመው እሷ አይታ ይሁን እኔ ፈልጌ፣ አላውቅም። ወላሂ አላውቅም እትዬ።»

«ከዛሬ በኋላ እዚያ በርጩማ ላይ እንደማትቀመጥ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ዝም ብትል ኖሮ አላውቅም ነበር እኮ ኢምራን።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

አሮጊቷ ቀይ እስክሪብቶ አንስተው ወረቀቱን ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዙትና ከሥሩ፣ በአስራ አምስት ቀን ውስጥ ደሴ ይደገም ብለው ጻፉ። ከዚያ የኢምራንን ክንድ ያዙ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ሲቆጡም እንዲሁ ስለሚሆኑ ግን ምን እንደሆነ አልለየለትም።

«እንግዲህ የሚከለክልህ የለም። ና እይ።»

ወደ ሌላው ወገን አዞሩት። ኢምራን መድረኩን አየ። አንድ የእንጨት መደርደሪያ፣ አንድ ቀይ የቆርቆሮ ኩባያ፣ ሰው የማያየው ቀጭን ክር።

«ይኸው ነው?» አለ።

«ይኸው ነው።»

ሳቁ አመለጠው። እሳቸውም ሳቁ። ሲትራ ብቻ አልሳቀችም፤ መሸፈኛዋን አውልቃ ልጇን አቅፋ ታለቅሳለች። ዶክተር ሃሴት ከመድረኩ ኋላ ገብተው ኩባያውን በጣታቸው ገፉት። ከጫፉ አልፎ አየር ላይ ቀረ። ዘምዘም ቀና ብላ አየችው፣ አዛጋች፣ ወደ እናቷ እጅጌ ተመለሰች። እንደገና ገፉት፤ አሁን ክሩ ተፈቷል። ኩባያው ወለሉ ላይ ተንኳኳ።

ዘምዘም ደርቃ ቀረች። ቅንድቧ ተሰቅሎ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ትንፋሿን ይዛ ወለሉ ላይ የተኛው ቆርቆሮ ላይ አፈጠጠች።

ኢምራን የሚያየው ነገር ቶሎ አልገባውም። ከዚያ የቆጠራቸውን ሰከንዶች አስታወሰ። ረጃጅሞቹ ሁሉ ኩባያው ሲወድቅ የተቆጠሩ ነበሩ። ጣቱ አልዋሸም፤ ልጅቱ ገልብጣው ነው።

«አታውቅም ማለት ነው» አለች ሲትራ። «ይወስዷታል ማለት ነው። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት።»

«ምኑን ነው የማታውቀው?» ዶክተሯ ተቆጡ። «ቤትሽ ኩባያ ወድቆ ያውቃል?»

«የለም።»

«እና ምን አድርጊ ነው የምትያት? ማንም ሳያስተምራት፣ አንድ ቃል ሳታውቅ፣ ጀርባዋ ላይ ተኝታ ያየችውን ሁሉ ሰብስባ ሕግ አወጣች። የቤትሽን ሕግ። አንድም ስህተት የለበትም! ዛሬ እዚህ መጥታ ሕጉን የሚያፈርስ ነገር ስታይ ደግሞ ምን አደረገች? አልፈራችም፣ አላለቀሰችም፤ ተክላ አየች። አርባ ሰባት ዓመት ይህን ሥራ ሠርቻለሁ ልጄ፤ ሐሳቤ ሲፈርስ እንዲህ ተረጋግቼ ማየት እኔ እስከ ዛሬ አልቻልኩም።»

ዘምዘም እጇን ወደ ኩባያው ዘርግታ ማቃሰት ጀመረች። ዶክተሯ ከሲትራ ተቀብለው ሲሚንቶው ላይ አስቀመጧት፣ ኩባያውንም ሰጧት። አልቀመሰችውም። ሕፃን ሁሉን ነገር አስቀድሞ ወደ አፉ ይወስዳል፤ እሷ ግን ክንዷን ዘርግታ ለቀቀችው።

ተንኳኳ። ዘምዘም ኩባያውን አየች፣ ባዶ እጇን አየች፣ ከዚያ አንገቷን ሰብራ ጣሪያውን ቃኘች። እቤቷ የቀላቢው አረንጓዴ መብራት ያለው ጣሪያ ጥግ ላይ ነው። እዚህ ምንም የለም።

ኢምራን አንስቶ ሰጣት። ለቀቀችው። ሰጣት። በግራ እጇ ለቀቀችው። ዶክተሯ ካልሲ ሰጧት፣ እሱንም ለቀቀችው፤ ድምፅ ስለሌለው ፊቷን አኮሳትራ እንደገና ጠየቀች። ማንኪያ፣ የጫማ ክር፣ የእናቷ ቁልፍ። ሲትራ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እሷም ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሦስት አዋቂ ሰዎች ተንበርክከው ለአንዲት የስምንት ወር ሕፃን ዕቃ ያቀብላሉ፤ እሷም እንደ ዳኛ አንድ በአንድ እየተቀበለች ትለቃለች። አምስተኛው ሕፃን ደጅ ላይ ያለቅሳል። «ከምሳ በኋላ ይምጡ በላቸው» አሉ ዶክተር ሃሴት ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ኢምራን ሳያውቀው በአውራ ጣቱ ጉልበቱን ይጫን ነበር። ሃያ። አስራ አራት። ዘጠኝ። ዘጠኝ። አምስት። የዘምዘም ግርምት እየቀነሰ ሄደ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ኩባያው ከእጇ ሳይወጣ ዓይኗ ወለሉ ላይ ቀድሞ ደረሰ።

ኢምራን ስድስት ሺህ ፊት አይቶ ይህን አላየም ነበር፤ እሱ የሚያያቸው ሐሳብ ከያዙ በኋላ ነው። አንድ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ያየው ገና ዛሬ ነው። በዕድሜው ከሚያውቃቸው ሰዎች ስንቱ ይህን እንደሚችል አሰበና ቁጥሩ አነሰበት።

ዶክተር ሃሴት ግን ወረቀት ወረቀት ነው አሉ። ያዩት ሁሉ አይቆጠርም፤ የሦስቱም ዓይን አልተሸፈነም፣ ጭናቸው አውርቷል። ደሴ ያለው ቆጣሪ የማያውቃትን ልጅ የማያውቀው ነገር ፊት አስቀምጦ መቁጠር አለበት። «አስራ አምስት ቀን አላችሁ» አሉ ለሲትራ። «ሦስተኛውን ቀን ተጠንቀቂ።»

ሲትራ በዚያው ቀን ቀላቢውን አጠፋች። ሥራ ያጣው ኢምራን ጠዋት ጠዋት እየመጣ ዘምዘምን ይጠብቃል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሳህን ተሰበረ፤ ሲትራ ማንኪያዋን አየር ላይ ለቃ ወጡን እግሯ ላይ ደፋች። በሁለተኛው ቀን ዘምዘም ከትራስ ላይ ተንከባላ ግንባሯ አበጠ። በሦስተኛው ቀን የጠረጴዛውን ጨርቅ ስባ የድስት ክዳን ራሷ ላይ አወረደች፤ ለቅሶዋ ሲበረታ ሲትራ ክሬኑን ኮንቴይነር እንዳንጠለጠለ ትታ ወደ ማብሪያው ሮጠች። ኢምራን እጇን ያዘ። ሁለቱም እንደተያያዙ ቆዩ፣ ልጅቱ አልቅሳ ወጣላትና ክዳኑን አንስታ ጣለችው።

በአስራ አራተኛው ቀን ደሴ ወጡ። የማያውቁት ቆጣሪ፣ የማያውቁት ጨርቅ። ኢምራን ለመጀመሪያ ጊዜ ከበር ውጪ የሚጠብቅ ዘመድ ሆነ፤ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጣቱ እንዳይሰርቅ፣ እንዳይጨምር ጸለየ። ሲወጡ ውጤቱ እስኪደርስ በረንዳ ላይ ጠብቁ ተባሉ።

በረንዳው ሰፊ ነው፤ ከፊት ለፊቱ አስራ አንድ የድንጋይ ደረጃዎች ወደ መንገዱ ይወርዳሉ። ሲትራ ቁጥራቸው ያለበትን ካርድ ከቦርሳዋ ለመፈለግ ዘምዘምን አንድ አፍታ መሬት አስቀመጠቻት። አንድ አፍታ ነው። ቀና ስትል ልጅቱ፣ ማንኪያዋን በእጇ እንደያዘች፣ እየዳኸች ደረጃው ጫፍ ደርሳለች። ኢምራን በሌላው በኩል ነበር፤ ጉልበቱ አይሮጥም። ቤቱ ቀላቢ ይኑረው አይኑረው አንዳቸውም አያውቁም።

«ዘምዘም!» አለች ሲትራ በሹክሹክታ።

ዘምዘም ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ወደ ታች አየች። ከዚያ ማንኪያዋን ወደ ባዶው ዘረጋችና ለቀቀችው። ማንኪያው የመጀመሪያውን ደረጃ መታ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤ እየተንኳኳ ከታች አስፋልቱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ጥቂት አሰበች። ከዚያ ጀርባዋን ለደረጃው ሰጥታ ዞረችና፣ ውሰደኝ ብላ ሁለት እጆቿን ወደ አያቷ አነሳች።

ኢምራን ደርሶ አነሳት። ሲትራ ሁለቱንም ባንድ ላይ አቀፈቻቸው፤ ሦስቱም ይንቀጠቀጡ ነበር፣ ዘምዘም በሳቅ።

ከውስጥ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ ቁጥራቸው ተጠራ። ትንሽ ቆይቶ ተደገመ፣ «ኧረ ወረቀታችሁን ውሰዱ!» የሚል ድምፅ ተከተለ። የዞረ አልነበረም።